የጉድጓዶቻችንን መዝገብ ለተማሪዎቻችን ክፈቱ

ለፌደራልና ለክልል የውኃ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ኃላፊዎች፤
ለከተሞች የውኃና ፍሳሽ አገልግሎቶች፤
የድኅረ ምረቃ ትምህርትን ለምትመሩ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፤
ባላችሁበት።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የከርሰ ምድር ውኃ አስተዳደርንና ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድን የሚያጠኑ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን የማማክር መምህር ነኝ። በግል ደብዳቤ ያልተሳካልኝን ነገር በአደባባይ ለመጠየቅ የተገደድኩት ነገሩ ከዓመት ዓመት ሳይሻሻል በመቅረቱ ነው።

በሕዝብ ገንዘብ የተቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶች መረጃ ለተማሪዎቻችን በሥርዓት አይሰጥም። የሚያገኝ ተማሪ የሚያገኘው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዘመድ ወይም የቀድሞ የክፍል ጓደኛ ስላለው ነው። የሌለው የድጋፍ ደብዳቤውን ይዞ ከመዝገብ ቤት ወደ ዳይሬክተር፣ ከዳይሬክተር ወደ ባለሙያ፣ ከባለሙያ ተመልሶ ወደ መዝገብ ቤት ሲል ለመስክ ሥራ የተያዘለት በጋ ያልፍበታል። "አይቻልም" የሚል የጽሑፍ መልስ እንኳ አይሰጠውም። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ተመለስ" ይባላል፤ ሰኞ ሲመለስም ኃላፊው ለመስክ ወጥተዋል።

የምንጠይቀው ነገር ምን እንደሆነ ከሙያው ውጭ ላሉ አንባቢያንም ግልጽ ይሁን። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲያልቅ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት የማጠናቀቂያ ሪፖርት ይቀርባል። ከላይ ስንት ሜትር ጥቁር አፈር እንደነበረ፣ ከሥሩ የመጣው ጠጣር ባዛልት ይሁን የተሰነጣጠቀ፣ አለቱ ስኮሪያ ይሁን ቱፍ፣ ውኃ በስንት ሜትር እንደተገኘ፣ የጉድጓዱ መደገፊያ ቱቦ (ኬሲንግ) እስከ የት እንደወረደ፣ ውኃ የሚያስገባው ባለ ቀዳዳ ቱቦ (ስክሪን) የት የት እንደገባ ይጻፍበታል። ፓምፕ ሲደረግ ውኃው ስንት ሜትር እንደወረደ፣ ፓምፑ ሲቆም በስንት ሰዓት እንደተመለሰ፣ ፍሎራይዱና ናይትሬቱ ምን ያህል እንደሆነ ይመዘገባል። ከመሬት በታች ያለውን ለማየት ከዚህ የተሻለ መስኮት የለንም፤ እያንዳንዱ መስኮት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ፈጅቷል።

ከእነዚህ ሪፖርቶች አንዱን በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ አግኝቼ አገላብጬዋለሁ። የፓምፕ ሙከራው ቅጽ በእጅ የተሞላ ነው። መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ቀጥሎ በየአምስት ደቂቃው፣ ከዚያ በየሰዓቱ የውኃው ጥልቀት ተጽፏል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የእጅ ጽሑፉ ይቀየራል፤ ተረኛው ተቀይሯል ማለት ነው። አንድ ሰው በሜዳ ላይ፣ በጄኔሬተር ጩኸት መካከል፣ ባትሪ እያበራ ሲለካ ያደረው ቁጥር ነው። የሪፖርቱ የታችኛው ክፍል ግን እርጥበት ነክቶት ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ስለነበር የኬሚካል ምርመራውን ውጤት ማንበብ አልተቻለም። ሌላ ቅጂ መኖሩንም በጽሕፈት ቤቱ የሚያውቅ አልነበረም። ይህንን የምነግራችሁ ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። መረጃው ለማንም ሳይሰጥ ተቆልፎበት ሲቀመጥ እንኳ እየጠፋ መሆኑን እንድታዩልኝ ነው።

የሀገራችን መሬት ሰፊ ክፍል እሳተ ገሞራ የወለደው አለት ነው። እንዲህ ያለ አለት ደግሞ ለአንዱ ሰጥቶ ለጎረቤቱ ይነፍጋል። በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ከተማ ሲያጠጣ ሌላው ደረቅ ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ውኃ መገኘቱ ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ የብዙ ሰው ጥርስ የበለዘውና አጥንት የጎበጠው በዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ወረዳ ጉድጓድ አስቆፍሮ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ሆኖ ሲተወው፣ የዚያ ጉድጓድ ሪፖርት በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ፕሮጀክት የመቆፈሪያ ማሽን አስጭኖ ሲመጣ እዚያው አካባቢ መልሶ ከመቆፈር ምን ያግደዋል? የከሸፈ ጉድጓድ ሪፖርት ከተሳካው ጉድጓድ ሪፖርት እኩል ዋጋ አለው። ለተማሪዎቻችን ግን ከሁሉም በላይ የሚከለከለው የከሸፈው ጉድጓድ መረጃ ነው።

መረጃ ያጣ ተማሪ ትምህርቱን አያቋርጥም፤ ርዕሱን ይቀይራል። ከመሬት በታች ያለውን ትቶ ከሰማይ ወደሚገኘው ይዞራል። የግሬስ ሳተላይቶች የምድርን ስበት ለውጥ እየለኩ የውኃ ክምችት መጨመር መቀነሱን ይነግራሉ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ተማሪዎቼም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ነገር ግን የሚያዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካን ስፋት በአንድነት ነው። የአቃቂን የጉድጓድ መስክ ከቢሾፍቱ አይለዩም። ሌላው ተማሪ የዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴሎችን ውጤት ያወርድና የአንድ ተፋሰስ ከርሰ ምድር ውኃ እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ድረስ ምን ያህል እንደሚቀንስ በሚያምር ግራፍ ያሳያል። ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ "ሞዴልህን ከምን ጋር አመሳከርከው?" የሚል ነው። መልሱ ጉድጓዱ በተቆፈረበት ወቅት ከተለካው የውኃ ከፍታ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልለካውም፣ ወይም ቢለካም ለተማሪው አልተሰጠውም። ከሰባ ዓመት በላይ ወደፊት የሚተነብይ ጥናት ወደኋላ የሚያየው አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ያ ተማሪ ተመርቆ ወደ እናንተ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚሆን አስቡት።

ነገሩ በመመረቂያ ጽሑፎች ብቻ አያበቃም። ለብዙ ዓመታት በሰነዶቻችን ላይ የሀገሪቱ ከርሰ ምድር ውኃ 2.6 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው ሲባል ኖሮ፣ በኋላ የወጡ ግምቶች ከ30 ቢሊዮን በላይ አድርሰውታል። ከአሥር እጥፍ በላይ የሚለያዩ ሁለት ቁጥሮች ይዘን የመስኖ ዕቅድ እናወጣለን፣ ለፋብሪካ የጉድጓድ ፈቃድ እንሰጣለን፣ ለከተማ አዲስ የጉድጓድ መስክ እንመርጣለን።

ከተሞቻችን ደግሞ በጉድጓድ ላይ ቆመዋል። ድሬዳዋ ሙሉ በሙሉ የምትጠጣው ከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችም ከላያቸው በሰፈረው ከተማ ፍሳሽ ምክንያት የናይትሬት መጠናቸው መጨመሩ በጥናት ታይቷል። ሐረር የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ፊቷን ወደ ድሬዳዋ አቅጣጫ ጉድጓዶች አዞረች። መቀሌ የአይናለምን የጉድጓድ መስክ ይዛለች። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ አቃቂን ትስባለች፤ በዚያ ላይ ሆቴሉ፣ የውኃ ማሸጊያው፣ አዲሱ የመኖሪያ መንደር በየግቢው የራሱን ጉድጓድ ያስቆፍራል። ከእነዚህ ሁሉ በየቀኑ ስንት እንደሚወጣና ውኃው በየዓመቱ ስንት ሜትር እንደሚወርድ በተከታታይ የተመዘገበ፣ ተማሪ ሊያየው የሚችል ሰነድ አሳዩኝ ብል ማን ያሳየኛል?

የአየር ንብረት ለውጥ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድርቅ ሲመጣ የትኛው የውኃ ተቋም ይቆያል? በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ ወቅት ተመራማሪዎች በሰሜን ደጋማ አካባቢዎች የውኃ ተቋማትን ተከታትለው፣ ምንጮችና በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ሲዳከሙ በማሽን ተቆፍረው የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው የተሻለ መቆየታቸውን አሳይተዋል። ለአንድ የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ግኝት አላውቅም፤ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት በየትኛው ላይ እንደሚያውል ይነግረዋልና። ሊታወቅ የቻለው ግን ድርቁ በነበረበት ሰዓት የሚለካ ሰው በቦታው ስለተገኘ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ከድቶ ከብቱ ሲያልቅ፣ የትኛው ጥልቅ ጉድጓድ ውኃው ወረደ፣ የትኛውስ ባለበት ጸና? ይህንን በማስተርስ ደረጃ ሊያጠና የሚፈልግ የአካባቢው ተወላጅ ተማሪ ነበረኝ። የጉድጓዶቹን ዝርዝርና ጥልቀት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስላላገኘ ሌላ ርዕስ ይዞ ተመረቀ። የቦረና ሕዝብ በጥንታዊዎቹ የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ማለትም በኤላዎቹ ላይ የውኃውን ተራ በየቀኑ የሚመራ አባ ሄሬጋ አለው፤ ኤላው ምን ያህል ከብት እንደሚያጠጣ የሚያውቅ ሰው በቦታው አለ። በሚሊዮን በሚቆጠር ብር የቆፈርናቸው ዘመናዊ ጉድጓዶች ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም።

መረጃ መስጠት ካልተቻለ ተማሪው ራሱ ይለካ የሚል መልስም ሰምቻለሁ። በደስታ! ችግሩ ተማሪው መለኪያውን ተሸክሞ ቦታው ሲደርስ ይጀምራል። ብዙዎቹ የጉድጓድ አፎች በብረት ክዳን ተበይደዋል። ከፓምፑ ቱቦና ከኤሌክትሪክ ገመዱ ሌላ የመለኪያ ገመድ የሚያልፍበት የጣት ስፋት ያህል ቀዳዳ የላቸውም። ጉድጓዱ ሲገነባ ከፓምፑ ቱቦ ጎን አንዲት ቀጭን የመለኪያ ቱቦ ብትወርድ ኖሮ፣ የወረዳው ኦፕሬተር በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ የውኃውን ከፍታ ይመዘግብ ነበር። ከጉድጓዱ ጠቅላላ ወጪ አንጻር ይህች ቱቦ ከቁጥር የምትገባ አይደለችም።

ሰው ካመንነው እንደሚለካ ደግሞ አይተናል። በዳንግላ ወረዳ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አርሶ አደሮች ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዳቸውን ውኃ ራሳቸው እየለኩ መዝግበዋል። አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎችም መዝገቡን ከሌላ ምንጭ ጋር አመሳክረው አስተማማኝ መሆኑን በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የመለኪያ ሜትር፣ ደብተርና ቁጥሩ እንደሚፈለግ የሚነግራቸው ሰው ነበር ያስፈለጋቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በዙሪያው ካሉ ወረዳዎች ጥቂት ጉድጓዶችን መርጦ፣ የዘንድሮው ተማሪ የጀመረውን መዝገብ የከርሞው ቢረከበው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ይኖረን ነበር። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል፤ የአንድ በጋ ቁጥር ሰብስቦ ይመረቃል፤ ቁጥሩም ከላፕቶፑ ጋር ይጠፋል።

ክቡራን፣ እናንተም ምክንያት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተማሪዎች መረጃውን ለአማካሪ ድርጅቶች ይሸጡታል የሚል ስጋት ይነሳል። የሚሸጠው ግን የተደበቀ ነገር ነው፤ ሁሉም በነጻ የሚያገኘውን ማን ይገዛል? የደኅንነት ጉዳይም ይነሳል። የከተማ ዋና የጉድጓድ መስኮች ትክክለኛ መገኛ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል ከተባለ መገኛውን አጠጋግቶ፣ የአለቱንና የውኃውን መረጃ ግን ሙሉ በሙሉ መስጠት ይቻላል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ "መረጃው አልተደራጀም፣ ስናደራጅ እንሰጣለን" የሚለው። ብሔራዊ የመረጃ ቋት ለመገንባት ከአንድ ጊዜ በላይ ተሞክሯል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚያስገባው ሰው እየጠፋ ቀርቷል። በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እኮ ያንን ወረቀት በነጻ ወደ ኮምፒውተር ሊያስገቡላችሁ የተዘጋጁ እጆች ናቸው።

ሌላው ዓለም ከዚህ አልፏል። ኢትዮጵያውያን የውኃ ባለሙያዎች በብዛት በተማሩባት በዴልፍት ከተማ አንድ ተማሪ ክፍሉ ቁጭ ብሎ የኔዘርላንድን የጉድጓድ መዝገቦች ከኢንተርኔት ያወርዳል። የእንግሊዝ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤትም የጉድጓድ መዝገቦቹን ለሕዝብ ከፍቷል። ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የከርሰ ምድር ውኃ መዝገብ አላት። ውጭ ሄዶ የሚማር ልጃችን ስለ ራሱ ሀገር ውኃ ሊጽፍ እየፈለገ ስለ አውሮፓ አሸዋ የሚጽፈው ፍቅር አጥቶ አይደለም፤ የዚያ ሀገር ጉድጓድ ስለሚያናግረው ነው።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱ ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ውኃው የጋራ ከሆነ፣ ስለ ውኃው የተጻፈው ወረቀት የአንድ ክፍል ንብረት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም የምለምነው አለኝ። የመስክ ሥራ በጀት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚነካው የከርሰ ምድር ውኃ ተማሪ ነው፤ ጉድጓድ በቢሮ ውስጥ አይጠናምና። የመኪናና የቀን አበል ጥያቄው በበጋው መጨረሻ ላይ ሲፈቀድ ጥቅሙ የለም። ተማሪዎቻችን የሰበሰቡት መረጃም ለወረዳው ሳይመለስ በቤተ መጻሕፍት ይቀራል። አንድ ወረዳ ተማሪ ተቀብሎ፣ ሞተር ሳይክል አውሶ፣ ጉድጓድ አሳይቶ ሲያበቃ ከጥናቱ አንዲት ገጽ እንኳ ሳይደርሰው ይቀራል፤ ለሚቀጥለው ተማሪ በሩን ቢዘጋ እንዴት ይፈረድበታል? ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር መረጃው ለሰጠው መሥሪያ ቤት መመለሱን የሚያረጋግጥ ፊርማ የመመረቂያ መስፈርት ይሁን፤ ይህንን መደንገግ በእጃችሁ ነው።

ከውኃ መሥሪያ ቤቶች የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ የከሸፉትም ጭምር፣ የማጠናቀቂያ ሪፖርታቸው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በታወቀ ቅጽና በታወቀ የቀን ገደብ እንዲሰጥ መመሪያ አውጡልን፤ የሚከለከል ካለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። ከአሁን በኋላ በምትፈርሙት የቁፋሮ ውል ውስጥ የመለኪያ ቱቦዋ ግዴታ ሆና ትግባ፤ ሪፖርቱም ከወረቀቱ ጋር በኮምፒውተር ቅጂ ካልቀረበ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም። አገልግሎት ያቆሙ ጉድጓዶችን ከመድፈናችሁ በፊት ለክትትል የሚያገለግሉ መሆን አለመሆናቸውን አብረን እንይ። ተማሪ እንድትመድቡልን አንጠይቅም፤ ተማሪ እኛ እንመድብላችኋለን።

ብዙዎቻችሁ ከእኛው ክፍሎች የተመረቃችሁ ናችሁ። ደብዳቤ ይዞ በር ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ተማሪዎቻችን የጥናት ንድፋቸውን የሚያቀርቡት ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለውይይት ብትጠሩን፣ የመመሪያውን ረቂቅ ለማዘጋጀትም ሆነ ያሉትን ሪፖርቶች ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ከተማሪዎቼ ጋር በተባለው ቀን እንገኛለን። ምላሻችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።


የሃይድሮጂኦሎጂ መምህርና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አማካሪ